ከጋሽ ዱካለ ጋር ለወደብ ያቆየነው ጠብ

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። የደወለችው የጋሽ ዱካለ የእህት ልጅ ናት። መልሳ ደወለች፤ መልሼ ዘጋሁ። በሦስተኛው "እኔን ብትቆጪኝ እሳቸው አይነሱም" አለችኝ። ያኔ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ዱካለ አረፉ። በወጣትነታቸው አሰብ ወርደው የጭነት መርከብ ላይ የሠሩት፣ ኋላ ሐይቅ ዳር ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩት ጋሽ ዱካለ።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ዛሬም ቱግ ባይ ነኝ። በደርግ ጊዜ፣ ልጅ እያለሁ፣ ይብስብኝ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ አንዱ አስተማሪ አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ በአማርኛዋ አሾፈባት። ተው አልኩት። ዳስተሩን ወረወረብኝ፤ መልሼ ወረወርኩለት። እሱ ሳተኝ፤ እኔ አልሳትኩትም።

በሰልፍ ላይ ይቅርታ ጠይቂ ተባልኩ። እምቢ ብዬ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ። አባቴም ለመስከረም ምዝገባ ካልተመለስኩ መናኸሪያ ሻይ እንደምሸጥ ነገረኝ። አባቴ አይቀልድም።

ክረምቱን ሙሉ ከታቦር ተራራ እየወረድኩ ሐይቁን በድንጋይ እደበድብ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ዱካለ እዚያው ዳር አንድ ጀልባ ገልብጠው ሆዱን ይፍቃሉ። ትንሽ አዩኝና "ሐይቁ ምን አደረገሽ?" አሉኝ። መፋቂያ ሰጡኝ።

መርከብ ላይ ሳሉ ስለ ድሮ የባሕር ወንበዴዎች የሚያወራ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አግኝተው፣ ሌላ የሚነበብ ስላልነበረ በቃላቸው ሊይዙት ምንም አልቀራቸውም። እየፈቅን ይነግሩኛል፣ ያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔ ወርቅና ጎራዴ ስጠብቅ እሳቸው የሚያወሩኝ ስለ ብስኩት ነው። እንደ ድንጋይ የደረቀ ብስኩት፤ ወንበዴዎቹ ከመብላታቸው በፊት ጠረጴዛ ላይ ኳ ኳ አድርገው ነቀዙን ያራግፉለታል። የሚጠጡት ውሃ በርሜል ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። በየጥቂት ወሩ መርከቧን አሸዋ ላይ አውጥተው፣ በጎን አስተኝተው፣ ሆዷ ላይ የተጣበቀውን ሁሉ ሲፍቁ ይከርማሉ። ካልፈቁ ትከብዳለች፤ ከከበደች ይያዛሉ። በቀረው ጊዜ ሸራ ይሰፋሉ፣ ገመድ ይቀጥላሉ።

"ታዲያ ወንበዴነቱ የታል? ይሄማ የቀበሌ የጽዳት ዘመቻ ነው" አልኳቸው።

ከሳቃቸው ብዛት መፋቂያው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ማን ሰማ ብለው ዞር ዞር አሉ።

የወንበዴዎቹን ጭካኔም አልደበቁኝም። ሰው ዘርፈዋል፣ ገድለዋል፣ እንዳትወጃቸው ይሉኝ ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ደንባቸው ነው። ካፒቴናቸውን እጅ አውጥተው ይመርጣሉ፤ ካልተስማማቸው ያወርዱታል። ከመነሳታቸው በፊት ሁሉም ደንቡ ላይ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል ምልክት ያደርጋል። መርከብ ላይ ደግሞ ማንም ማንንም አይመታም። የተጣሉ ሰዎች ጠባቸውን ወደብ እስኪደረስ ያቆዩታል።

እኛም እንፈርም አሉ። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደን፣ ጠብ ሁሉ ወደብ እስኪደረስ ይቆያል የሚለውን ደንባችንን ጻፍኩ። ፈረምኩ፤ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ በተቆጣሁ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ።

"ወደብ አልደረስንም።"

አንድ ቅዳሜ ያ አስተማሪ ዓሣ ሊበላ መጣ። መፋቂያዬን እንደያዝኩ ተነሳሁ። ጋሽ ዱካለ ከሥራቸው ቀና እንኳ አላሉም። "ወደብ አልደረስንም" አሉ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ያንን ጀልባ የፈቅኩት አፋፋቅ፣ ሊበሳ ነበር።

ሰኞ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኮታቸውን ለብሰው ሳይነግሩኝ ትምህርት ቤት ሄዱ። ያንን የሲሚንቶ ወረቀት "የልጅቷ የጽሑፍ ግዴታ" ብለው ለዳይሬክተሩ አቀረቡት። ዳይሬክተሩ አንብበው አንብበው፣ ወደቡ የት እንደሆነ ጠየቋቸው።

"አሥራ ሁለተኛ ክፍል" አሉ ጋሽ ዱካለ።

ያለ ሰልፍ፣ ያለ ይቅርታ ተመዘገብኩ። ግን ንዴቱ ሊገድለኝ ደረሰ። ሐይቅ ዳር ሄጄ፣ እኔ የፈረምኩት ለጀልባ ነው፣ በኔ ስም ለምኑልኝ ያለዎት ማነው ብዬ ጮህኩባቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ልክ ነሽ፣ ሳላስፈቅድሽ ነው የሄድኩት። ወደብ ስንደርስ ትጣይኛለሽ። አሁን ሂጂና ደብተርሽን ለብጪ።"

አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። ውጤቴን ይዤ ስሄድ፣ ጋሽ ዱካለ እጃቸውን ጠርገው፣ ለጠቡ ተዘጋጅተው ቆሙ። ወደቡን ትንሽ ገፋ አድርጌዋለሁ አልኳቸው። ነርስ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። በሄድኩ ቁጥር "ዛሬስ?" ይሉኛል፤ "ገና" እላቸዋለሁ፤ እንስቃለን። እኔን የመሰለች የልጅ ልጅ አለችኝ። ቁጣዋ ሲነሳባት "ወደብ አልደረስንም" እላታለሁ። እየተነፋፋች ትቀመጣለች። ግን ትቀመጣለች።

ባለፈው ሳምንት ትራሳቸውን ሳስተካክልላቸው "ደረስን እንዴ?" አሉኝ።

"ገና ነን፣ ጋሼ።"

"ጥሩ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጋሼ፣ ያኔም ሳያስፈቅዱኝ ሄዱ፣ ዛሬም ሳያስፈቅዱኝ ሄዱ። ቀድመውኝ ደረሱ። ይሁን፣ ደክሞዎታል፤ አሸዋው ላይ አረፍ ይበሉ። እኔ ገና የምፍቀው ብዙ አለኝ፣ ቶሎ አይጠብቁኝ። ስመጣ ግን ኮትዎን አውልቀው ይቆዩኝ። እንጣላለን።