ቅዳሜ አልፎ አልፎ ትከፈታለች

ያሰሩኝ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ወንጀሌ ምን ነበር? ተማሪዎቼን «የአካባቢያችሁን ችግር አጥኑ፤ ወሬ አትልቀሙ፤ ማን እንደነገራችሁ በስሙ ጻፉ» ማለቴ። ልጆቹ ከአሸተን ማርያም ማዶ ያለችውን ጤና ኬላ መረጡ። የወረዳው ሪፖርት ሁልጊዜ ክፍት ናት ይላል። እነሱ ሄደው አዩ፤ ቁልፉን ዝገት በልቶታል። የጎረቤቶቿን ቃል ከነስማቸው ጽፈው አመጡ። እኔን ሲይዙኝ ደብተሩንም ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ አስገቡብኝ። ስማቸውን ሲነግሩኝ ክው አልኩ። ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው ስም የእሳቸው ነበር። ምራታቸው ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወደ ላሊበላ ስትወርድ መንገድ ላይ የሞተችባቸው ናቸው።

«አባቴ፣ ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ» አልኩ። «ስም ጻፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ኧረ ተው መምህር። ቃሌን የጻፈችው ተማሪህ ስምዎ ይቅር ወይ ብላኛለች። ጻፊው ያልኳት እኔ ነኝ። የሞተችው ሰው አይደለች እንዴ?»

እኔ ግን በገንኩ፤ ዛሬም ሳስበው እበግናለሁ። የዘጋው ቤቱ ተኝቷል፤ ተዘግቷል ያለው ታስሯል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም መርማሪው ፊት አቀረቡን። በዕድሜ የልጅ ልጃቸው ይሆናል፤ «አንተ ሽማግሌ» ብሎ ጀመረ። አንድ ወረቀትና የአሻራ ቀለም ወደ እሳቸው ገፋ። «አሻራህን አድርግና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

«ማንበብ አልችልም። መምህሩ ያንብልኝ።»

አነበብኩ። «ጤና ኬላዋ ሁልጊዜ ክፍት ናት። ዝግ ናት ያልኩት መምህሩ አስጠንቶኝ ነው» ይላል። ከፈረሙ እሳቸው ይወጣሉ፣ እኔ እቀራለሁ። እውነቴን ነው፣ እንዲፈርሙ ፈልጌ ነበር። አዝመራቸው ገና አልታጨደም።

እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። «ይኼ የኔ ቃል አይደለም። የልጆቹን ደብተር አንብብልኝ።»

መርማሪው የሚያሰርዙት መስሎት ነው መሰለኝ፣ ደብተሩን ወረወረልኝ። ቃላቸውን አነበብኩላቸው።

«አንድ ነገር ጎድሏል» አሉ። መርማሪው ፊቱ በራ። «ቅዳሜ አልፎ አልፎ ትከፈታለች። ሠራተኛዋ መድኃኒት ካገኘች ትመጣለች። እሷን አትበድሏት። ይኼን ጨምርና አሻራዬን እዚያው ላይ አደርጋለሁ።»

በመርማሪው እስክሪብቶ ጨመርኩ። እሱ ደብተሩን ሳይነጥቀኝ በፊት አውራ ጣታቸውን ነክረው ከቃላቸው ሥር አሳረፉ። ከዚያ ራሳቸው ተነስተው ወደ መጋዘኑ ቀድመው ሄዱ።

ወረቀቱ ያለ አሻራ ስለቀረ እኔ ቶሎ ተለቀቅኩ። እሳቸው ብዙ ቆዩ፤ አዝመራውን ጎረቤት ሰበሰበላቸው። ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምር፣ የሰውን ቃል ጽፎ መልሶ ለባለቤቱ ማንበብ እንደሚገባ ለአንድም ተማሪ ነግሬ አላውቅም ነበር። አሁን ከዚያ ነው የምጀምረው።

በቅርቡ ይቅርታ ልጠይቃቸው ዳገቱን ወጣሁ። ገና ሳልቀመጥ «ደብተርህስ?» አሉኝ።

አልያዝኩም ነበር።

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ? አሁን እኮ ቅዳሜም አትከፈትም።»

ከኪሴ አንድ ወረቀት ፈልጌ ያሉኝን ጻፍኩ። ስማቸው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ፤ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ምን ታየኛለህ?» አሉ። «ጻፈው እንጂ።»