ጥቁር ውኃ ወዴት ይፈሳል?

ከግራ ጆሮዬ ጀርባ አንዲት ቦታ አለች፤ ፀጉሬ እዚያ ጋ ሲሳብ አሁንም እንባዬ ዱብ ይላል። ስልሳ ልደፍን ትንሽ የቀረኝ ሴትዮ ነኝ፤ ያቺ ቦታ ግን አላረጀችም። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አዋሳ ፒያሳ ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ ሠሪዋ ልጅ እዚያችው ቦታ ላይ ጨምድዳ ይዛኝ ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ደንበኛ ስልኳ ጮኸና መልእክቱን ድምጿን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ከልጇ ትምህርት ቤት የተላከ ነው። "ውድ ወላጆች፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በዚህ ሳምንት የሚማሩት" ይልና ከሒሳብ እስከ ስፖርት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ግማሹን እንኳ ሳትጨርስ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። "ኤዲያ! ይኼን ሁሉ ማን ያነባል?" አለች።

ተነሥቼ ቦርሳዋን ልቀማት ምንም አልቀረኝም። የኔ እናት ይችኑ ወሬ ለማግኘት ስንት ቅዳሜ ፀጉሬን ይዛ ስትመረምረኝ ኖራለች እኮ!

እስቲ ልንገራችሁ። ዘመኑ የደርግ ነው፣ እኔ እዚሁ አዋሳ ሰባተኛ ክፍል ነኝ፣ ቤታችን ታቦር ተራራ ሥር ነው። እናቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽዳት ትሠራ ነበር። የሲዳማ ገበሬ ልጅ ናት፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ተምራ፣ ለአባቴ ስትዳር በዚያው ቀረ። አባቴ በሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ይነዳ ስለነበር ቤት የሚገኝበት ቀን ጥቂት ነው። ከእኔ በታች ደግሞ ገና ድክ ድክ የሚሉ መንታ ወንድሞች ነበሩኝ። እነሱን ለማን ጥላ ነው የማታ ትምህርት የምትገባው?

ግን መማር ፈለገች፤ ምክንያትም ነበራት። የመሥሪያ ቤቷ መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሽማግሌ ጡረታ ሊወጡ ነው። ለቦታው የሚፈለገው "ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀ ወይም ተመጣጣኝ ዕውቀት ያለው" ነው፤ ነባር ሠራተኛም መወዳደር ይችላል ተባለ። እናቴ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተንበርክካ የሰው ቢሮ ስትወለውል ጉልበቷ አብጦ አልጎድል ብሎ ነበር። መዝገብ ቤት ማለት ወንበር ያለው ሥራ ነው። "ተመጣጣኝ" የምትለዋን ቃል ያዘቻት፣ አልለቀቀቻትም። ተመጣጣኙን ዕውቀት ታዲያ ማን ያምጣላት? እኔ!

ኧረ በሕግ አምላክ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው! ጓደኞቼ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሐይቁ ዳር ሲሮጡ እኔ ከእናቴ በርጩማ ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ጭንቅላቴ በጉልበቶቿ መሃል ተቀርቅሮ፣ ሹሩባ እሠራለሁ። ወዴት ይኬዳል? የፀጉር ቅባቱ ሽታ አፍንጫዬን ይዘጋዋል፤ በተከፈተው በር የገባው ፀሐይ እግሬን ያቃጥለዋል፤ የጎረቤት ሬዲዮ የሰልፍ ዘፈኑን ያንባርቃል። እሷ ማበጠሪያውን አናቴ ላይ ሰክታ ትጀምራለች።

"በይ ከሰኞ እንነሣ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምንድን ነው?"

"ሒሳብ።"

"የሒሳብ ምን?"

"ክፍልፋይ።"

"የክፍልፋይ ምኑን?"

ነፍሴን ታወጣዋለች! ፀጉሬን ለሦስት ትከፍልና "እንግዲህ ይቺ አንድ ሦስተኛ ናት ማለት ነው?" እያለች አንዷን ሳብ ታደርጋታለች። "ነው እማዬ፣ ነው፣ ልቀቂያት!" እላለሁ። ሁለተኛዋን ትጨምርና "አሁንስ?" ትለኛለች።

መጽሐፎቹ ደግሞ ከአማርኛው በስተቀር በእንግሊዝኛ ናቸው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ እንደዚያ ነበር። እሷ ከእንግሊዝኛ የቀራት ሚሲዮኖቹ ያስጠኗት አንድ መዝሙር ብቻ ነው። ስለዚህ መምህሯም እኔ፣ አስተርጓሚዋም እኔ፤ ያውም ለራሴ በቅጡ ያልገባኝን። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል ብዬ የሳይንሱን ነገርኳት። እጇን አቆመችና "ሌሊትስ? ጾሙን ያድራል?" አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! "ሰኞ መምህሩን ጠይቂልኝ" አለች። ጠየቅኩላት። መምህሩ በጥያቄው ደስ ብሎት ለክፍሉ በሙሉ ተጨማሪ የቤት ሥራ ሰጠ፤ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሊበሉኝ ደረሱ። ቤት ገብቼ ብነግራት "ጎበዝ፣ መልሱስ?" ከማለት በቀር ምንም አልመሰላት።

የፖለቲካ ትምህርት ላይ ስንደርስ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ "እሱን ዝለይው፣ እኛም መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ ይግቱናል" ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ የቤት አያያዝ መምህራችን ወለል እንዴት እንደሚጸዳ አስተማረችን ስላት በሳቅ ፍርስ አለች፤ "ላኪልኝ፣ እሷንስ እኔ ላስተምራት" አለች። ሠርታኝ ስትጨርስ ቅባቱን ከእጇ ላይ ትታጠብና፣ ከመሥሪያ ቤት ባመጣችው በአንድ ወገኑ የተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ የነገርኳትን ሁሉ በእርሳስ ትጽፋለች። ፊደሏ ትልልቅ ነው። ለዓመት ያህል እንደዚህ ኖርን።

እና ያ ቅዳሜ መጣ። ፈተናዋ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ሐሙስ ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ከሰዓት ክፍላችን ከስምንተኛ ክፍል ሴቶች ጋር የእጅ ኳስ ይጫወታል፣ በረኛዋ እኔ ነኝ። ለመንኳት። "ፀጉሬን ነገ ሥሪኝ፣ ትምህርቱንም ነገ እነግርሻለሁ" አልኳት። "ነገ ጸሎት አለ፣ ፈተናዬ ደርሷል፣ ቁጭ በይ" አለች። ቁጭ አልኩ። አንጀቴ አሯል። ከሩቅ የልጆቹ ጩኸት ይሰማኛል፤ እያንዳንዱ ጩኸት እኔ በሌለሁበት የገባ ጎል ይመስለኛል።

"ረቡዕ። ኅብረተሰብ ምን ተማራችሁ?"

"ሐይቆች።"

"የትኞቹ?"

"የስምጥ ሸለቆ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ የኛም አለ።"

"የኛ?" እጇ ቀጥ አለ። "የኛ ሐይቅ መጽሐፍ ላይ አለ?" ድምጿ ውስጥ የነበረውን ደስታ ብትሰሙት! ጎንበስ ብላ ፊቴን ከጎን አየችኝ። "ስለሱ ምን ይላል?"

ምን እንደሚል አላውቅም። ረቡዕ ያን ክፍለ ጊዜ ሙሉ ከጎኔ ከምትቀመጠው ልጅ ጋር ስለ ጨዋታው ስናወራ ነው ያለፈው፤ አንድ መስመር አልገለበጥኩም። አላውቅም ብላት ደግሞ "ከመጽሐፉ ፈልጊና ተርጉሚልኝ" ትለኛለች፣ ጨዋታው ያልቃል። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ።

"ጥቁር ውኃ ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ ይሄዳል ይላል።"

"ወጥቶ?"

"አዎ፣ ወጥቶ።"

"እኔ ልጅ ሆኜ እዚያ ልብስ ስናጥብ አረፋው ወደ ሐይቁ ሲገባ ነው የማውቀው።"

"እንግዲህ መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው! ከመጽሐፍ ትበልጫለሽ?"

እንዲህ አልኳት። ለእናቴ! ምነው ያኔ ምላሴ በተቆረጠ። እሷ ቀስ ብላ "አይ፣ አልበልጥም" አለችና ጉንጉኑን ቀጠለች። ስትጨርስ መጽሐፌን አነሣች፤ የሐይቆቹን ካርታ ፈልጋ አገኘች፤ ከሥሩ ባለው እንግሊዝኛ ላይ ጣቷን እስከ መጨረሻው መስመር አስኬደች። ከዚያ ከድናው እርሳሷን አነሣች። እኔ ወደ ሜዳው በረርኩ። ጨዋታው አልቋል፣ ተሸንፈናል።

ሐሙስ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር በርጩማው ላይ ተቀምጣለች፤ መንቶቹ እግሯ ሥር ይንጫጫሉ፣ አትሰማቸውም።

"የጽሑፉን አልፌያለሁ" አለች። ልፈነድቅ ስል በእጇ አስቆመችኝ። "ከዚያ ኮሚቴው ፊት አቀረቡኝ። ሰብሳቢው ደግ ሰው ነው፣ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፣ ቀላል ነገር ልጠይቅሽ አለኝ። ጥቁር ውኃ ወደ ሐይቁ ይገባል ወይስ ከሐይቁ ይወጣል አለኝ።"

ደብተሮቼን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ይወጣል አልኩት። ሳቁ። እሱ ያልሰማሁ መስሎት ጥያቄውን ደገመልኝ። እኔም ደገምኩለት። መጽሐፍ ላይ ያለ ነው ብዬም ተከራከርኩ።" ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። "የትኛው መጽሐፍ ነው? ማን ነው ያስተማረሽ? አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ራሴ ነኝ አልኩ።"

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያቺ አንዲት መልስ ብቻ ናት የጣለቻት ብዬ ልምል አልችልም፤ የኮሚቴ ነገር ይታወቃል። የማውቀው ግን ከዚያ ወዲያ ባልዲዋን ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ አንዳንዱ ከቢሮው አንገቱን ብቅ አድርጎ "ዛሬስ ጥቁር ውኃ ወዴት ነው?" ይላት እንደነበር ነው። ይኼንንም እሷ አይደለችም የነገረችኝ፤ አብራት የምትሠራ ሴት ናት። እናቴ በጽዳትነቷ ጡረታ ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፀጉሬን ፈታችው። ከሰኞ እንነሣ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ የለም። ማበጠሪያው ፀጉሬ ውስጥ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። ለስንት ወር ልቤ ውልቅ እስኪል የጠላሁት ጥያቄ ቀረ። አልቻልኩም። "እማዬ፣ ዋሽቼሽ ነው፤ መምህሩን አልሰማሁትም ነበር፣ መጽሐፉ እንደዚያ አይልም" አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅኩት። እጇ ቆመ። በጥፊ ብታጮለኝ እንዴት ደስ ባለኝ! አልመታችኝም። "ነገ ከጸሎት መልስ ደብተርሽን ያዢ" አለች፣ በቃ።

እሑድ መንቶቹን ለጎረቤት ሰጥታ በጋሪ ጥቁር ውኃ ድልድይ ድረስ ወሰደችኝ። ፀሐዩ ዐይን ያጨልማል። የጭቃና የቄጠማ ሽታ ከታች ይወጣል፤ ከሻሸመኔ የሚመጣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ድልድዩ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል። እናቴ ከዳር አንድ ረጅም ሣር ነቅላ ከላይ በኩል ውኃው ላይ ጣለችው። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ማዶው አሻገረችኝና ቁልቁል ማየት ጀመርን። ቆየ። በኋላ ሣሩ ከድልድዩ ሥር ብቅ አለ፤ እየተዟዟረ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ሐይቁ ሄደ።

"ወዴት ሄደ?"

"ወደ ሐይቁ።"

"ጻፊው።"

ደብተሬን የድልድዩ ድጋፍ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ። አንብቢልኝ አለች፣ አነበብኩላት። ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ነው እልህ እንደያዘው ልጅ የጮህኩባት። ጥፋተኛዋ እኔ፣ የምጮኸውም እኔ።

"ታውቂው ነበር እኮ! እያወቅሽው! ለምን ዐይንሽን አላመንሽም?"

አልተቆጣችኝም። ሣሩ የሄደበትን እያየች፣ "ዐይኔ ትምህርት ቤት አልገባማ" አለች።

በመልሱ ጋሪው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ከተማ ስንገባ ሳትጠይቀኝ ጀመርኩላት። "እማዬ፣ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር። መቶኛ ጀመርን። መቶኛ ማለት..." አልኩ። እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

"ተይው ልጄ" አለችኝ፣ "ደክሞኛል።"

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።