ወደ ጎረቤቴ ጓሮ የለቀቅኩት ውሃ

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ለማስተማር ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ ስገባ ለቤት መሥሪያ የደረሰኝ ቦታ ከከተማው ዳር ያለ ረባዳ መሬት ነው። በበጋ ሳየው ደልዳላነቱ ደስ አሰኝቶኝ የቀርከሃ ቤቴን ሠርቼ ገባሁ። ክረምቱ ሲበረታ ውሃው አልጋዬ ሥር ደረሰ።

እኔ የገበሬ ልጅ ውሃ ያቅተኛል? ማንንም ሳልጠይቅ አካፋ አነሳሁ። አባቴ በጤፍ ማሳው ላይ እንደሚያወጣው ፈሰስ፣ ቀጥ ያለ ቦይ ወደ ታች ቆፈርኩ። ቤቴ በአንድ ቀን ደረቀ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። በማግስቱ ወረድ ብዬ ሳይ ግን ውሃው የትም አልሄደም። የእኛ አገር ተዳፋት ነው፤ የለቀቁት ውሃ ገደል ይገባል። እዚህ የገባው ጎረቤቴ ጓሮ ነው። ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ የበርታ እናት ናቸው፤ የዓመት ስንቃቸው የሆነውን ለውዝ ውሃ ውጦታል። ለውዝ የሚያፈራው አፈር ውስጥ ስለሆነ ጥቂት ቀን እንዲህ ከሰነበተ ይበሰብሳል። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቦዬን አይተው ሳቁ።

"ኡስታዝ፣ ውሃ መንገድ አለው። አንተ ለምን እኔን አልጠየቀም?" አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ፤ እዚያ አስተማሪን ሁሉ ኡስታዝ ይሉታል።

ዘመዶቻቸውን ጠሩ። እኛ ደቦ የምንለውን እነሱ ነፊር ይሉታል። በደንቡ ሠራተኛውን የሚያበላው ባለጉዳዩ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ፣ ሙያዬ ደግሞ ከሽሮ አያልፍም፤ ጨነቀኝ። እሳቸው በዱላቸው መስመሩን እየመሩን ቦዩን በሰያፍ እስከ ጅረቱ ቆፈርን። አፈሩ እንዳይናድ ጎንና ጎኑን በተሰነጠቀ ቀርከሃ ደገፍነው። ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲንቀሳቀስ፣ የለውዙም ቅጠል ብቅ ብቅ ሲል፣ እንደ ልጅ ጮህኩ።

ምግቡ ከእሳቸው ቤት ወጣ፦ ገንፎ፣ ደረቅ ሥጋ ከገባበት የባሚያ ወጥ ጋር። ፍልሰታ ነበር። እንዲህ ለፍተው የሠሩትን አልበላም ማለት ከብዶኝ ከዳር ተቀመጥኩ። እሳቸው ሌላ ሳህን ይዘው መጡ።

"ይሄ ሥጋ የለውም። ጾምህ ነው፣ አውቃለሁ።"

ወጡ በተፈጨ ለውዝ የወፈረ ነበር። የዘንድሮውን ላሰጥምባቸው ለነበርኩት ለእኔ፣ ከአምናው የተረፈቻቸውን ፈጭተውልኛል።