ሁለት ጭብጨባ

ተማሪዎቻቸው ዞር ሲሉላቸው «ፕሮፌሰር አላመንኩም» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ያለ ነገር አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኮሌጁ የቲያትር ክፍል ሲያስተምሩና ሲያዘጋጁ፣ መድረክ ላይ የሚያለቅስም ይሁን የሚስቅ፣ ከአዳራሹ ወንበር ላይ ሆነው «አላመንኩም፤ እንደገና» ማለት ነው ሥራቸው። ለቅሶ ከልብ ይምጣ ከጉሮሮ ለይቼ አውቃለሁ ባይ ናቸው፤ ደግሞም ያውቃሉ፣ ምን ይደረግ። አንድ ደንብ አላቸው፦ እሳቸው ሁለቴ ካላጨበጨቡ በቀር ጣሪያው ቢደረመስ ልምምድ አይቆምም። ሲያጨበጭቡ ደግሞ እጁን ያነሣ እንዳነሣ፣ አፉን የከፈተ እንደከፈተ ባለበት ድርቅ ይላል። ይህን ያፈረሰ ሚናውን ይነጠቃል፤ ዘመድ አዝማድ ብሎ ነገር የለም።

ዘመዱ ግን መጣ። አንድያ ልጃቸው እዚያው ኮሌጅ ገብታ፣ በመመረቂያዋ ዓመት እሳቸው በሚያዘጋጁት ቲያትር ዋናው ሚና ደረሳት። ቤቷ ተቃጥሎ በጭስ ታፍና የምትሞት ሴት ሆና ነው የምትጫወተው። ልጅቱ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም አለባት። እናትየው ይህን ስትሰማ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ሞት አጣህላት?»

«ጭሱ እኮ የውሸት ነው፤ መብራት ነው» አሉ።

«ሳንባዋስ? እሱም የውሸት ነው?»

ልምምዱ ተጀመረና ለልጃቸው አደሉ እንዳይባሉ እሷ ላይ ባሱባት። «ትስያለሽ እንጂ አትታፈኚም። አላመንኩም» ይሏታል። እሷም የአባቷን አመል ስለምታውቅ ጥርሷን ነክሳ እንደገና ትወድቃለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ወደቀችና ከደረቷ ፉጨት ወጣ። ጥፍሯ ወለሉን ቧጠጠ። ፕሮፌሰሩ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። «ይኸው፣ መጣላት» አሉ በሆዳቸው፤ ከደስታ ብዛት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ባሏን የሚጫወተው ልጅ ዓይኑን አፍጥጦ ወደ እሳቸው ሲያይ፣ እሱም ዛሬ ጎበዘ ብለው ተገረሙ። ማን ያስቁም? ደንብ ደንብ ነው። ከንፈሯ መጥቆሩን ያዩት ቆይተው ነው፤ ያን ጊዜ ቆሌያቸው ተገፈፈ። ወደ አፍ የሚነፋው መድኃኒቷ ልብስ መቀየሪያው ክፍል፣ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ እሱን አስመጥተው ነፉላትና ሐኪም ቤት አደረሷት። ሐኪሙ «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ» ብሎ የቀረውን ዋጠው።

እስቲ አስቡት። ዕድሜ ልኩን እውነትን ከውሸት ሲለይ የኖረ ሰው፣ ልጁ ስታጣጥር ጎበዝ እያለ ተቀምጦ ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ቤታቸው ገብቶ ተደላደለ። የጎረቤት ሳል እንኳ ያስደነግጣቸዋል። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያለቅስ እንኳ «አላመንኩም» የምትለው ቃል ከአፋቸው ጠፋች። ሚናውን ለሌላ ልስጥ ቢሏት ልጅቱ በጄ አላለችም።

«አባዬ፣ ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ብትነጥቀኝ አልምርህም። መድኃኒቱን አስቀድሜ እወስዳለሁ፤ ደህና ነኝ።»

እናትየው ለሁለቱም ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ታጥባለች። ኋላ ለባሏ ብቻ፣ «አንድ ነገር ብትሆን እኔና አንተ አንድ ጣሪያ ሥር አንኖርም» አለቻቸው።

የቲያትሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፕሮፌሰሩ መድኃኒቱን ጨብጠው ከባለቤታቸው ጎን ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። የቃጠሎው ትዕይንት ሲደርስ መድረኩ ቀይ መብራት ለበሰ፤ በዚያ ብርሃን የከንፈር መጥቆር አይታይም። ልጅቱ ወደቀች። ያው ፉጨት ወጣ፤ ያው ጥፍር ወለሉን ቧጠጠ። ከዚያ ክፉ ቀን የቀሰመችው ትወና ይሁን ራሱ በሽታው፣ እግዜር ይወቀው። ጆሯቸውን አሹለው ቢያዳምጡ አልለይ አላቸው።

ባለቤታቸው ክንዳቸውን ጨመደደች። «እውነቷን ነው?»

«አላውቅም» አሉ። ቲያትር ቤት ውስጥ ይህን ተናግረው አያውቁም።

መድኃኒቱን ጭናቸው ላይ ጣል አድርገው አጨበጨቡ፤ ሁለቴ።

መድረክ ላይ ያለው ሁሉ ባለበት ደረቀ። ተመልካቹ ምኑን ያውቃል፣ ጭብጨባውን ተቀብሎ አዳራሹን አናጋው። ባል የሆነው ልጅ አንድ እግሩን እንዳነሣ፣ ጎረቤት የሆነችው ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች ቀርተዋል። የልጅቱ ደረት ብቻ አልቆመም። በኃይል ይወጣል፣ ይወርዳል። ትወና ቢሆን ኖሮ በቆመ ነበር።

ፕሮፌሰሩ መድኃኒቱን አንሥተው መድረኩ ላይ እንዴት እንደወጡ አያውቁትም። ጭንቅላቷን ደግፈው መድኃኒቱን አፏ ውስጥ ነፉላት፤ ደገሙላት። ሕዝቡ ይህም የቲያትሩ ክፍል መስሎት ቆሞ ያጨበጭባል። ጆሯቸውን ደረቷ ላይ ቢለጥፉ ከጭብጨባው በቀር የሚሰማ የለም። በሕይወታቸው እንደዚያ ፈርተው አያውቁም። ከስንት ጭንቅ በኋላ ትንፋሿ መለስ አለና ዓይኗን ገለጠች።

«አባዬ፣ ውረድ» አለች በሹክሹክታ። «ሁለት ቃል ነው የቀረኝ።»

«እንኳን ሁለት፣ ግማሽም አትናገሪም» አሉና መጋረጃው እንዲዘጋ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ተሸከሟት። ልጅቱ ንዴቷ ገነፈለ። «ገደልከኝ፣ በሰው ፊት ገደልከኝ» እያለች ደረታቸውን በጡጫ ትደልቃለች። ጡጫው ያማል፤ ጉልበት አለው።

«ምቺኝ ልጄ» አሉ። «ምቺኝ፤ እንዳታቆሚ።»