ያልደፋሁት ውሃ

ባለፈው ሳምንት የሺ ከገበያ ጓያ ገዝታ መጣች። የሺ ከወለጋ ተፈናቅላ እዚህ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች ልብስ ታጥብልኛለች። ፌስታሉን ከፈት አድርጋ አሳየችኝ።

«እትዬ ሙሉ፣ ይህን እህል ሰው ሁሉ እያየ ያልፈዋል። ዋጋው ደግሞ ርካሽ ነው። እኛ አገር በቆሎ እንጂ ይህን አናውቅም። እንዴት ነው የሚሠራው?»

እጄን ከተትኩና ቶሎ አወጣሁት። ግራጫ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ፍሬ። ሳላስበው «ውሃውን ድፊው» አልኳት።

«የምን ውሃ?» አለች የሺ። እንኳን ውሃ ድስትም አልጣድንም ነበር።

አስቀምጬ ነገርኳት። ማታ ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ጠዋት ውሃውን ትደፊዋለሽ፣ በሌላ ውሃ ትቀቅዪዋለሽ፣ ያንንም ትደፊዋለሽ። ብቻውን አትብሉት፤ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ይሁን። በየቀኑም አይሁን። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ልጆቼ «እማዬ አንድ ነገር ሺህ ጊዜ ትናገራለች» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ለየሺ ያልነገርኳት ግን ይህን ሁሉ እንዴት እንዳወቅኩት ነው።

ያደግኩት ከደነባ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ነቅሎ ያስቀራል፣ በጋ ላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ጓያ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ጠብታ ባያገኝም ይበቅላል። ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ አይከዳም። ቆሎው ጥርስ ይፈትናል፣ ንፍሮው ሆድ ይይዛል፣ ሽሮው ደግሞ፣ ዛሬ ብናገረው ያሳፍረኛል እንጂ፣ ይጣፍጣል።

ጓያ ሰው እንደሚሰብር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ደህና የነበረ ጎረምሳ አንድ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ብሎት ይነሳና ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ይቀራል። ታላላቆቻችን ግን የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ይሉን ነበር። ስለዚህ ጓያ የሚቀቀለው ከቤት ጀርባ፣ ነፋሱ ወደ ሜዳው በሚነፍስበት በኩል ነው። ክዳኑ ሲከፈት ማንም አጠገቡ አይቆምም።

አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ሦስት ተመራማሪዎች በመኪና መጡ። መንደሩ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ከሦስቱ አንዷ ነጭ ጋውን የለበሰች ቀጭን ሴት ነበረች። ጓያ የተዘፈዘፈበትን ሳህን ብድግ አድርጋ አሳየችን።

«መርዙ ውሃ ይወዳል። ስትዘፈዝፉት ከፍሬው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ውሃውን ስትደፉ መርዙን ደፋችሁ ማለት ነው። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም» አለች።

አያ በላቸው የሚባሉ ቀልደኛ ሽማግሌ ከኋላ ተነሡ። «እመቤት፣ ጣዕሙን ለመሬት፣ ገለባውን ለእኛ ልትይ ነው?»

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀችና «ገለባው ይሻልዎታል አባባ፤ በእግርዎ ያስኬድዎታል» አለቻቸው።

«ማንበብ የሚችል አለ?» ስትል እጄን አወጣሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ግን አነብ ነበር። በሥዕል የተሠራ ወረቀት ሰጠችኝና ግድግዳችን ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤታችን ጓያ የእኔ ኃላፊነት ሆነ። እናቴ «ባለ ወረቀቷ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ገብሱም ስንዴውም ገለባ ሆነ። ጥር ሳይወጣ ወንዛችን ደረቀና ውሃ የሚገኘው ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ብቻ ሆነ። ጎህ ሲቀድ ወርጄ እንስራዬን ተሸክሜ የምደርሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ገመዱ ትከሻዬን ልጦት ነበር። ያን ውሃ እቤት አድርሼ፣ ጓያ ዘፍዝፌበት፣ ጠዋት መሬት ላይ እደፋዋለሁ። ቢጫ አረፋ ያለው ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ልቤ አብሮ ይገባል። እናቴም ቆማ ታየኝና «አንቺ ልጅ፣ ጀርባሽን አትወጂውም?» ትለኛለች።

አንድ ቀን ሳልደፋው ቀረሁ።

አስቤ ነው ያደረግኩት፤ እሱ ነው የሚቆጨኝ። ትምህርት ቤት ውሃ ከፈላ ንጹሕ ይሆናል፣ ያለበት ነገር ይሞታል ተብለን ነበር። እንግዲያው ይህም ውሃ ደህና አድርጎ ከፈላ ምን ይሆናል አልኩ። መዘፍዘፉን አልተውኩም፣ መቀቀሉን አልተውኩም። መድኃኒቱ መዘፍዘፉ መሰለኝ። እሳት ተሕዋሲያንን ይገድላል እንጂ ያንን መርዝ እንዲህ እንደማያጠፋው ማን ይንገረኝ? ያቺ ባለ ጋውን ነግራኝ ነበር እኮ። ድፉት ብላን ነበር።

በዚያው ውሃ ቀቀልኩት። መረቁ ወፍራም ሆነ። በማግስቱም እንዲሁ አደረግኩ፤ ከዚያም ልማድ ሆነ።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከመንደሩ ወንዶች ጋር የውሃ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። ለፋሲካ ማግስት ሊያገባ ታጭቶለታል። ጉልበት ያስፈልገዋል ብዬ መረቁን ለእሱ በትልቁ ጣሳ እቀዳለት ነበር። እኛ ንፍሮውን እንበላለን፣ እሱ ንፍሮውንም መረቁንም።

«ሙሉ፣ ወጥሽ ዘንድሮ ነፍስ ዘራ። አንቺን የሚያገባ ሰው በበር አይገባም፣ ይወፍራል» ይለኛል።

እኔም ደስ ብሎኝ እጨምርለታለሁ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ታደሰ ከቁፋሮ ብርድ መትቶት መጣና ምድጃ ዳር ተቀመጠ። ውጭ ነፋሱ እሳቱን አላነድ ስላለ እናቴ የጓያውን ድስት ወደ ቤት አስገብታ ጣደችው። ረስታ ክዳኑን ብድግ አደረገችው። እንፋሎቱ ወደ ታደሰ ጉልበት ሄደ። «እማ!» ብዬ ጮህኩ። ቶሎ ከደነችው። ታደሰ ጉልበቱን በእጁ እየጠረገ «አይዞሽ፣ አልተሰበርኩም» አለና ሁላችንም ሳቅን።

ሳምንት ሳይሞላው አንድ ጠዋት ከመደብ ሊነሳ ሲል ወደቀ። መጀመሪያ ሳቀ። እግሬ ደንዝዟል አለ። ደግሞ ተነሳ። ተረከዙ መሬት አልነካ አለ፤ በጣቶቹ ቆሞ ጉልበትና ጉልበቱ እየተጋጨ ግድግዳውን ያዘ። ያን ጊዜ መሳቁን ተወ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «በእንፋሎት ነው» አሉ። እናቴ ደረቷን እየደቃች «በገዛ እጄ! በገዛ እጄ ልጄን!» ብላ ጮኸች። ታደሰ አያት። ከዚያ ቀን በኋላ ከእጇ እህል አልቀበልም አለ። እኔ ካላቀረብኩለት አይበላም። የእጮኛው ሽማግሌዎች መጥተው ሠርጉ እንደቀረ ቀስ ብለው ተናግረው ቀስ ብለው ሄዱ።

ያቺ ተመራማሪ ሴት ወሬውን ሰምታ ተመልሳ መጣች። የታደሰን እግር መርምራ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች። ደብተሯ ጉልበቷ ላይ ነው።

«ሙሉነሽ፣ ውሃውን ትደፊው ነበር?»

እናቴ በር ላይ ቆማለች። ታደሰ ያየኛል። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ።

«አዎ» አልኩ።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ግንባሯን ቋጠረች። ከዚያ ጻፈችው። ከደጅ የቆሙት ሰዎችም ሰምተዋል። «አላልናችሁም? ውሃ ደፍተውም ተሰበረ። እንፋሎቱ ነው» እያሉ ተበተኑ። ከዚያ በኋላ በመንደራችን ያን ሁሉ መንገድ የተሸከመችውን ውሃ የምትደፋ ሴት አላየሁም። በቀጣዩ ዓመት ስንት ሰው ምርኩዝ እንደያዘ አልናገርም። ያኔም ለመቁጠር አልደፈርኩም።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። የሽንብራም ይሁን የአተር ድስት ልትከፍት ስትል ሰዉን ሁሉ ከቤት ታስወጣ ነበር። ልትሞት ስትል ታደሰን አስጠራችው። በሁለት ምርኩዝ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ አላለፈም።

«ስለ ክዳኑ ማረኝ፣ ልጄ» አለችው።

«እግዜር ይማርሽ» አላት።

እኔ ውሃ ላጠጣት ራስጌዋ ቆሜ ነበር። አፌ አጠገብ የደረሰውን ነገር ዋጥኩት። ልጅ ሳለሁ ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት፤ ያን ቀን ግን አሁንማ ዘግይቷል ብዬ ነው። ማታውኑ ዓይኗን ከደነች።

የሺ ከሄደች በኋላ ለታደሰ ደወልኩ። ደነባ ነው ያለው፤ ጫማ እየሰፋ ይኖራል። መዶሻው ሲያንኳኳ በስልኩ ይሰማኛል። ከሰላምታው ቀጥዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ውሃውን፣ መረቁን፣ «አዎ» ያልኩትን። መዶሻው ቆመ።

«እግሬን ተዪው» አለኝ። «ልጅ ነበርሽ። ከእማ እጅ ሳልበላ ግን ስንት ዓመት ነው የኖርኩት?»

«ታደሰ፣ እኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቁጠሪልኝ እስቲ፣ ሙሉ። አንቺ አይደለሽም የተማርሽው?»

ስልኩ ተዘጋ። እሱ ዘግቶት ይሁን ኔትወርክ ይሁን አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ ብደውል አያነሳም።

እሁድ ወደ ደነባ እሄዳለሁ። ልጆቼ ምን ሆነሽ ነው እንቅልፍ ያጣሽው ይሉኛል። በሩን ቢከፍትልኝ ምን እንደምለው አላውቅም። በሕይወቴ የተጠየቅኩት ሁለት ቀላል ነገር ነበር፤ አንዱ ውሃ እንድደፋ፣ ሌላው እውነት እንድናገር። ለመጀመሪያው ሰበብ አለኝ፤ ውሃው ከባድ ነበር፣ ከሩቅ ነው የተሸከምኩት። ሁለተኛው ግን ምንም አይመዝንም ነበር።