ቀላሏን ማሽን የጠረጠርኩ ዕለት

ሰው ሲጠረጥረኝ አልወድም፤ እኔ ግን ሰው ሳልጠረጥር የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሳጉሬ ገበያ ስንዴ ስገዛ እጄን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ ሰድጄ የሥሩን ዘግኜ ካላየሁ አልከፍልም። ባለቤቴ በዚህ ስታፍር ኖራ አሁን ለምዳዋለች።

ባለፈው ዓመት ልጄ ልታገባ ስትል፣ "አባዬ፣ የኪራይ መኪና አልፈልግም። ከቤት የምወጣው በአንተ ቮልስ ነው" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሐሳብ ገባኝ። ቮልሷ ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ነበረች ማለት ይሻላል። የአሰላ ፀሐይ ቀለሟን አደብዝዞታል። በመኸር ጊዜ ገለባ የተቀላቀለበትን አቧራ በደረቅ ጨርቅ እየጠረግሁ ኮፈኗን በጭረት የሞላሁት ግን እኔው ነኝ። ልጄን በዚህ መልኳ ወደ ቸርች ልወስዳት አልፈለግሁም። ለባለሙያ እንዳልሰጣት ደግሞ ምን ቀብተው እንደሚመልሱልኝ ማን ያውቃል? የፖሊሽ ማሽን ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልወለውላት ወሰንኩ።

መጀመሪያ ዩቲዩብ አየሁ። ሁሉም የያዘውን ማሽን ያመሰግናል፤ ከፍለውት ነው ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ መሣሪያ ወደሚሸጥ ነጋዴ ሄድኩ። ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ ፊዚክስ አስተምሬዋለሁ።

"ቲቸር፣ ለእርስዎ ይቺ ናት" አለኝ፣ መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁለት ማሽኖች ትንሿን አንስቶ። "ስፖንጇ እየተሽከረከረች ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች፤ ቀለም አታግልም። ያ ትልቁ ባለበት ብቻ ነው የሚሽከረከረው። ለለመደ እጅ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ ያቃጥላል።"

ዋጋ ጠየቅሁት። የትንሿ ይበልጣል። በቃ፣ እዚያው ላይ ነቃሁበት።

ሁለቱንም በየተራ አንስቼ መዘንኳቸው። እኛ ዘንድ ኦሪጅናልና ፎርጅድ የሚለየው በእጅ ነው፤ ቧንቧም ይሁን ቁልፍ ወይም ካውያ፣ ቀለል ካለ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩት እኔም እንደ ሁሉም ሰው ሚዛኔ ክንዴ ነው። ትልቁ ክንድ ይገነጥላል። ትንሿ የልጅ መጫወቻ መሰለችኝ።

"ይቺ ላስቲክ ናት" አልኩት።

"ወላሂ ቲቸር፣ ኦሪጅናል ናት። ከፈለጉ በራሴ መኪና በር ላይ ሠርቼ ላሳይዎት።"

ለምን በራሱ መኪና? በሩን አስቀድሞ አዘጋጅቶት ይሆናል። "እንግዲያው ይውሰዷትና ይሞክሯት፤ ካልተስማማችዎት ይመልሱልኛል" ሲለኝማ ጨርሶ ጠረጠርኩት። የሸጠውን መልሱልኝ የሚል ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

"ማታለል ከማን እንደተማርክ አላውቅም፤ ከእኔ ግን አይደለም" አልኩት። ሱቁ ውስጥ ሁለት ገዢዎች ነበሩ፤ ቀና ብለው አዩት። ፊቱ ልውጥ አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተከራከረኝም፤ ትልቁን ካርቶን ውስጥ ከትቶ ሰጠኝ። እኔም የነቃሁበት መሰለኝና በልቤ እየኮራሁ ወጣሁ።

ሠርጉ ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። ማሽኑ እጄን ይዞ ሊሄድ ይታገለኛል። ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አንድ ጭረት አልለቅ ቢለኝ ጫን አድርጌ ያዝኩት። የሚያቃጥል ሽታ ሸተተኝ። ሳነሳው መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ሰማያዊው ጠፍቶ የሥሩ ግራጫ ቀለም ወጥቷል።

ፎርጅድ ሸጠልኝ ብዬ ማሽኑን ታቅፌ ወደ ሱቁ ልሮጥ ስል ልጄ ወጣች። ቦታውን አየችው። ከዚያ ሻጩ ምን ብሎህ ነበር አለችኝ። ልዋሻት ፈልጌ አቃተኝ፤ ያለኝንና ያልኩትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

"እንግዲያ ይቅርታ ጠይቀኸው ና" አለችኝ። "እሱን እንዲህ አስቀይመህ በዚህች መኪና ከቤት አልወጣም።"

እንደማትቀልድ አውቃለሁ፤ ግትርነቷ የእኔው ነው። ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር። አንገቴን ደፍቼ፣ ተሳስቻለሁ፣ ሰው ፊት አዋርጄሃለሁ አልኩት። ይኮራብኛል ብዬ ስጠብቅ ከወንበሩ ተነሣ።

"ቲቸር፣ እንደሚያቃጥልብዎት አውቅ ነበር" አለኝ። "ለልጅዎ ሠርግ እንደሆነም ሰምቼ ነበር። አልሸጥልዎትም ማለት እችል ነበር። ግን ሰው ፊት ሌባ ሲያደርጉኝ ተናደድኩና፣ ይቃጠልበት ብዬ ተውኩዎት። እርስዎ ነዎት ይቅር ሊሉኝ የሚገባ።"

መጀመሪያ ሱቁ ስገባ ክፋት ያልነበረበትን ሰው እኔው ክፉ አሳሰብኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሱቁን ዘግቶ ትንሿን ማሽን ይዞ አብሮኝ መጣ። እስከ አመሻሽ ወለወላት፤ ቮልሷ ሰማያዊነቷ ተመለሰ። የተቃጠለውን ቦታ ግን እሱም ምንም ሊያደርገው አልቻለም።

ቅዳሜ ልጄ ቬሎዋን ሰብስባ መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ያንን ቦታ በአበባ ሸፍነውት ነበር። እሱም ሙሉ ልብስ ለብሶ ከእንግዶቹ ጋር ቆሞ ነበር። ስልክ ደውላ የጠራችው እሷ ናት። እኔ ልጥራው ብዬ እንኳ አላሰብኩም ነበር።