ባለቤቴ በእጁ የጻፈው ማመልከቻ

ባለቤቴ ገና በአርባ ዓመቱ መርሳት ጀመረና ከጸሐፊነት ሥራው ተሰናበተ። ታሞ ለወጣ ሠራተኛ ጡረታ አለ ሲሉኝ ማመልከቻ አስፈለገኝ። የእኔ ትምህርት ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የእሱ እጅ ግን ጽሕፈት አልረሳም። "ባሌ በቁሙ ጠፋብኝ" እያልኩ እየነገርኩት እሱው ጻፈልኝ። ልጄን አዝዬ፣ እሱን ይዤ ፒያሳ ወዳለው መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

ሹሙ ወረቀቱን አዩና፣ "ማን ጻፈው?" አሉኝ።

"እሱው ነው፣ ጌታዬ።"

ሳቁ። "ምነው ልጄ! እንዲህ ሸጋ አድርጎ የሚጽፈውን ነው በሽተኛ የምትይኝ? እስቲ ያንብበው።"

የራሱን ስም ጭምር አንድም ሳይሳሳት አነበበው። አቀረቀርኩ። እሱ ግን እንባው ቀድሞት ሹሙን ለመናቸው፦

"ጌታዬ፣ ይህችን ሴት በማፈላለግ ይርዷት። ባሏ በቁሙ ጠፍቶባታል።"